ትርንጎና የሳቅ ሸንጎ

ከተራሮቹ ወዲያ፣ ከጨው ሜዳው ወዲህ አንዲት አገር ነበረች። ስሟን የሚያጠናው ኮሚቴ ሥራውን ገና ስላልጨረሰ እኛም ያለ ስም እንተርካታለን።

የዚህች አገር ንጉሥ በነገሡበት ዕለት የዙፋኑን ደረጃ ሲወጡ የገዛ ካባቸውን ረግጠው ወደቁ። አደባባዩን የሞላው ሕዝብ ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሰው ሲወድቅ ያስቃል፣ ካባ የለበሰ ሰው ሲወድቅ ደግሞ ይበልጥ ያስቃል። ንጉሡ ተነሡ፤ ካባቸውን አራገፉ፤ የመጀመሪያ አዋጃቸውንም እዚያው ደረጃው ላይ ቆመው አስነገሩ።

“ከዛሬ ጀምሮ ሳቅ በሥርዓት ይሁን።”

ሥርዓቱም እንዲህ ሆነ። ሳቅ እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እስከ ዐሥር ሰዓት ብቻ ተፈቀደ። ለየቤቱ ከመንግሥት ቴሌቪዥን ታደለ፤ በቴሌቪዥኑ አናት ላይ አንድ ቀይ አምፖል ተተከለ። ሰዓቱ ሲደርስ አስቂኝ ድራማ ይቀርባል፤ አምፖሉ ሲበራ ቤተሰቡ ይስቃል፣ ሲጠፋ ያቆማል። ሳቅ ቆጣሪ የሚባሉ ሠራተኞች በየሰፈሩ እየዞሩ፣ ጆሯቸውን መስኮት ላይ ለጥፈው ይመዘግቡ ነበር፦ “ይህ ቤት በደንብ ስቋል።” “ይህ ቤት በአፍንጫው ብቻ ስቋል።” “እዚህ ቤት አያትየው ዘግይተው ጀምረው ዘግይተው ጨርሰዋል፤ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸዋል።”

ከሰዓቱ ውጭ የሳቀ ሰው ወደ ጨው ሜዳ ይላካል። ጨው ሜዳው ነጭና ጠፍጣፋ ነው፤ ዛፍ የለው፣ ጉብታ የለው። የሚያስቅ ነገር እንዳይገኝበት ተጠንቶ የተመረጠ ቦታ ነው።

ጓንጉል የተላከው ወደዚያ ነበር። ጓንጉል የትርንጎ ባል ነው። አዋጁ ከመውጣቱ በፊት ሁለቱ በየገበያው እየዞሩ ሰው ያስቁ ነበር፤ እሷ ትጽፋለች፣ እሱ ይጫወታል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊቱ እንደ ዕድር ዳኛ የኮሰተረ ሰው ነው። ተመልካቹ ሆዱን ይዞ ሲንፈራፈር እሱ ዝም ብሎ ያየዋል፤ ያን ጊዜ ሰዉ ይብስበታል። አዋጁ ከወጣ በኋላ ከሰዓቱ ውጭ አንድ ጊዜ ብቻ ሳቀ፤ ማክሰኞ ቀን። አንድ ሹም ስለ ዝምታ ጥቅም ለሕዝብ ሊያስረዱ ወጥተው ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲናገሩ ነው አምልጦት የሳቀው። በማግስቱ በጭነት መኪና ጭነው ወሰዱት።

ትርንጎን ግን አልነኳትም። እንዲያውም ሾሟት። ለእሑዱ ሰዓት የሚጽፍ ሰው ያስፈልግ ነበርና የመንግሥት ቀልድ ደራሲ አደረጓት። እሷም ወዲያው “ባሌ ወዳለበት ልሂድ” ስትል ማመልከቻ አስገባች። መልሱ በሰባተኛው ወር አራት ማኅተም ተመትቶበት መጣ።

“ቀልድ ደራሲ በፈቃዱ ሥራውን መልቀቅ አይችልም፤ መልቀቅ ቅሬታ ያስመስላልና። ሆኖም በተከታታይ ሦስት ጊዜ ሐሳቡ በሳቅ ሸንጎ ውድቅ የተደረገበት ደራሲ፣ ችሎታው እንዳለቀ ተቆጥሮ ይሰናበታል፤ ወደ ፈለገበትም ይሄዳል።”

ትርንጎ ደብዳቤውን ለአከራይዋ ለእትዬ ዝማም አነበበችላቸው። እትዬ ዝማም ጃንጥላ ጠጋኝ ናቸው፤ ቤታቸው ክንፉ በተሰበረ ጃንጥላ የተሞላ ነው።

“ሦስት መጥፎ ሐሳብ?” አሉ እትዬ ዝማም፣ ሽቦ በጥርሳቸው እንደያዙ። “ይሄማ ምን ያስቸግራል? ማንም የሚችለው ነገር አይደለም እንዴ ልጄ?”

“እኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት” አለች ትርንጎ። “መጥፎ ነገር መጻፍ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ለበዓል ከጓንጉል ጋር ነኝ።”

ሁለቱም ተሳስተው ነበር።

የሳቅ ሸንጎ ሦስት ሹማምንት ነበሩት። ሰብሳቢው ሊቀ ፈገግታ ዘነጋሽ ይባላሉ፤ ጥርሳቸውን አይቻለሁ የሚል ሰው በአገሩ የለም። ከቀኛቸው ጸሐፌ ጥርስ የሻረግ ይቀመጣሉ፤ የተባለውንም ያልተባለውንም የሚጽፉ ሴትዮ ናቸው። ከግራቸው የከንፈር መርማሪው አቶ ገላዬ፤ ሐሳብ የሚያቀርበው ሰው በስውር ፈገግ ይል እንደሆነ በማጉያ መነጽር የሚያዩ።

ትርንጎ ፊታቸው ቆማ፣ ድምፅዋን አድርቃ አነበበች።

“ርእሱ ‘ወረፋ’ ነው። ሃያ ሰዎች ወረፋ ይዘው ይቆማሉ። ይህ የመጀመሪያው ክፍል ነው።”

“በሁለተኛውስ ክፍል?” አሉ ሊቀ ፈገግታ።

“ይቆማሉ።”

“በሦስተኛውስ?”

“አንዱ እግሩን ይቀይራል።”

አቶ ገላዬ መነጽራቸውን አስጠጉ። ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም።

“ምን ለማግኘት ነው የተሰለፉት?”

“አይታወቅም ጌታዬ። እነሱም አያውቁም። በሠላሳኛው ክፍል መስኮቱ ጋ ሲደርሱ መስኮቱ ይዘጋል። ‘ነገ ተመለሱ’ ይባላሉ። አለቀ።”

ትርንጎ በልቧ ‘አንድ ውድቅ’ ብላ ቆጠረች። ሊቀ ፈገግታ ግን ቀስ ብለው መሐረባቸውን አወጡና ዐይናቸውን ጠረጉ።

“ወይዘሮ ትርንጎ፤ እዚህ ወንበር ላይ ዐሥራ አንድ ዓመት ተቀምጫለሁ። ትዕግሥትን እንዲህ አድርጎ የሚያስተምር ነገር ሰምቼ አላውቅም።”

“ግን እኮ ጌታዬ፣ አያስቅም።”

“እሱ የአምፖሉ ሥራ ነው” አሉ ጸሐፌ ጥርስ፣ ቀና ሳይሉ።

‘ወረፋ’ ጸደቀ። በመጀመሪያው እሑድ በየቤቱ ሲታይ፣ ሰዉ ወረፋ ሲያይ ዝም ብሎ የመቀመጥ ልማድ ስላልነበረው ተነሥቶ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ተሰለፈ። አንዳንድ ቤት ሰልፉ እስከ ግቢው በር ደርሶ ነበር ይባላል።

ትርንጎ ተስፋ አልቆረጠችም። በወሩ ሁለተኛውን ይዛ ቀረበች። ርእሱ ‘ወንበር’ ነው፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ወንበር ነው። ሰዎች ይገባሉ፣ ለወንበሩ እጅ ይነሣሉ፣ ይወጣሉ።

አቶ ገላዬ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። “ይህ ወንበር ማንን ነው የሚወክለው?”

“ወንበርን ነው።”

“ባዶ ነው ወይስ ገና ያልተቀመጡበት?”

“ልዩነቱ ምንድን ነው?”

“ባዶ ከሆነ ያስከስሳል። ገና ያልተቀመጡበት ከሆነ ግን የሚቀመጥበት አለ ማለት ነው፤ ተስፋ ነው።”

“እንግዲያው ባዶ ነው!” አለች ትርንጎ ቶሎ ብላ። “ጭራሽ ባዶ! ማንም ተቀምጦበት አያውቅም፤ ወደፊትም አይቀመጥበትም!”

ሊቀ ፈገግታ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ትሕትናዋን አያችሁ? የሐሳቧን ትልቅነት ራሷ አልተረዳችውም። ጸሐፌ ጥርስ፣ ‘ገና ያልተቀመጡበት’ ብለው ያርሙት። ጸድቋል።”

ወንበሩ በአገሩ ታወቀ። በሁለት ወር ውስጥ ሹመት አገኘ፤ ሾፌርም ተመደበለት።

ከዚያ ‘የቀልድ ማብራሪያ’ መጣ። አንድ አጭር ቀልድ ይነገራል፤ ከዚያ አንድ ባለሥልጣን ቀልዱ ለምን እንደሚያስቅ ሃምሳ ደቂቃ ያስረዳሉ። ጸሐፌ ጥርስ አስረጂዋ እኔ ካልሆንኩ ብለው ሊጣሉ ደረሱ። ከዚያ ደግሞ ‘አዎ’ መጣ። በሁሉም ነገር የሚስማማ ቤተሰብ ነው፤ አባት “አዎ” ይላል፣ እናት “አዎ” ትላለች፣ ልጆቹ በተራ “አዎ” ይላሉ፤ ሌላ ንግግር የለም። ንጉሡ ይህን ሁለት ጊዜ አስደግመው አዩት አሉ። ትርንጎ ኒሻን ተሸለመች።

በዚህ ሁሉ መሐል ከጨው ሜዳ በሾፌሮች እጅ ደብዳቤ ይመጣላት ነበር። ጓንጉል ሲጽፍም እንደ ፊቱ ነው። “ደኅና ነኝ። ሜዳው ነጭ ነው። ትናንትም ነጭ ነበር። ካንቺ በቀር የጎደለኝ ነገር የለም።” ትርንጎ ይህን ታነብና ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ትከተዋለች፤ በማግስቱም ከበፊቱ የባሰ ነገር ልትጽፍ ትቀመጣለች።

በመጨረሻ አንድ ሐሙስ ከቤተ መንግሥት መልእክተኛ መጣ። ከአምስት ሳምንት በኋላ በሚውለው የዘውድ በዓል ትርንጎ ‘እመ ሳቅ’ ተብላ ትሾማለች። ሹመቱ የዕድሜ ልክ ነው። እመ ሳቅ የሆነች ሰው ሐሳቧ ውድቅ አይደረግም፤ ሊደረግም አይችልም። ቤቷም ከእንግዲህ በቤተ መንግሥቱ ቅጥር ውስጥ ይሆናል።

መልእክተኛው ሲወጣ ትርንጎ ጃንጥላዎቹ መሐል ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

“አለቀልኝ እትዬ ዝማም። ዕድሜዬን ሙሉ መጥፎ ነገር ስጽፍ ልሞት ነው። ጓንጉልንም ዳግመኛ አላየው።”

“ለምን ጥሩ ነገር አትጽፊላቸውም ታዲያ? መጥፎውን ከወደዱት ጥሩውን ይጥሉታል።”

“ጥሩ ብጽፍ ሐሳቡን ሳይሆን እኔን ነው የሚጥሉኝ። ያለ ፈቃድ ሰው ሊያስቅ ያሰበ ወደ ጨው ሜዳ አይደለም የሚሄደው፣ ግንብ ቤት ነው የሚታሰረው። እዚያ ደግሞ ጓንጉል የለም።”

እትዬ ዝማም አንድ እጀታ አንሥተው ያሹ ጀመር። ከዚያ፣ እንዲያው ልጅቱን ከሐሳቧ ለማውጣት ብለው፣ “ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች አንቺ ከወጣሽ በኋላ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራሉ?” አሏት።

ትርንጎ ነገረቻቸው። ባለፈው ወር ፈገግታ ከቀኝ ወይስ ከግራ ከንፈር ይጀምር በሚለው ላይ አራት ቀን ተሰብስበው፣ አቶ ገላዬ “ከመሐል ይጀምር” ብለው ማስታረቂያ ሐሳብ ሲያቀርቡ ሊቀ ፈገግታ አኩርፈው እንደ ወጡ፤ ሲወጡም የቁም ሣጥኑ በር የመውጫው በር መስሏቸው እዚያው ገብተው እንደ ቀሩ፤ ሸንጎውም ሰብሳቢው ሣጥን ውስጥ ሆነው ሰብስበዋል ይባል ወይስ አይባል በሚለው ላይ ድምፅ እንደ ሰጠ። ስትነግራቸው ሊቀ ፈገግታን በድምፃቸው፣ ጸሐፌ ጥርስን በአጻጻፋቸው እየሆነች ነበር።

ሽቦው ከእትዬ ዝማም ጥርስ ወደቀ። ዕለቱ ሐሙስ ነው። ከንፈራቸውን ነከሱ፤ አልሆነም። አጠገባቸው ያለውን ጃንጥላ ዘረጉና ኋላው ተደበቁ። ጃንጥላው ብቻውን ሲንቀጠቀጥ ትርንጎ ለረጅም ጊዜ አየችው።

“እትዬ ዝማም” አለች። “ከሁሉ የከፋውን ሐሳብ እስካሁን አላቀረብኩም።”

በማግስቱ ሸንጎው ፊት ቆመች።

“ርእሱ ‘ሸንጎ’ ነው። ካሜራ እዚህ ክፍል ውስጥ ይገባል። እናንተ የዘወትር ሥራችሁን ትሠራላችሁ፤ በቀጥታ ይተላለፋል። ደራሲ የለውም፣ ተዋናይ የለውም፣ ቀልድ የለውም።”

ከዚህ የባሰ መጥፎ ሐሳብ አልነበረም። የትኛውም ሹም በሥራ ላይ እያለ ሕዝብ እንዲያየው አይፈልግም፤ ስለዚህ ይጥሉታል ብላ ነበር። ሊቀ ፈገግታ ግን ወደ መስኮቱ ዞረው በመስተዋቱ ራሳቸውን አዩ።

“በየትኛው ጎኔ ነው የምታነሡኝ?” አሉ።

ጸሐፌ ጥርስ ጸጉራቸውን ነካ ነካ አደረጉ። አቶ ገላዬም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ “ድምፄ ለሕዝብ ይሰማል ማለት ነው?” ሲሉ ጠየቁ። ‘ሸንጎ’ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስርጭቱ ተጀመረ። ትርንጎ በክፍሉ ጥግ ቆማ ነበር። የዕለቱ አጀንዳ ሕዝቡ ሲስቅ አፉን ምን ያህል ይክፈት የሚል ነው።

“ሁለት ጣት ይበቃል” አሉ ጸሐፌ ጥርስ።

“የማን ጣት?” አሉ አቶ ገላዬ። “የገበሬ ሁለት ጣት ከጸሐፊ ሦስት ጣት ይበልጣል።”

“እንግዲያው የአገሪቱ ጣት የማን እንደሆነ ይወሰን!”

ሦስቱም እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ጣታቸውን ይለካኩ ጀመር። ሊቀ ፈገግታ የእሳቸው እንደሚበልጥ ለማስረዳት ሦስት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱና ንግግራቸውን ቀጠሉ። ምን እንዳሉ ማንም አልሰማም፤ ጸሐፌ ጥርስ ግን ቃል በቃል ጻፉት።

ያን ጊዜ ከውጭ ድምፅ መጣ። ትርንጎ መጀመሪያ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ መስሏት ነበር። ኋላ ግን ድምፁ ከሰፈር ወደ ሰፈር እየተቀባበለ ሲመጣ አወቀችው። በገበያ ለብዙ ዓመት ስትሰማው የኖረችው ድምፅ ነው። ግድግዳውን ይዛ አዳመጠች። አምፖሉ አልበራም ነበር፤ የሚያበራው ሠራተኛ ራሱ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባሎ ነበርና።

በሳምንቱ፣ ሁለተኛው እሑድ ላይ፣ ጸሐፌ ጥርስ የሳቅ ቆጣሪዎችን ሪፖርት በቀጥታ ስርጭት አነበቡ።

“ሳቁ ከመቆጠር አልፏል። ቆጣሪዎቹም ስለሳቁ ቆጠራው ተቋርጧል። ሰዉ ሰኞም ስቋል፣ ረቡዕም ስቋል። ከቤተ መንግሥቱም አንድ ድምፅ ተሰምቷል፤ ሳል ተብሎ ተመዝግቧል።”

“ታላቅ ውጤት ነው!” አሉ ሊቀ ፈገግታ። ከዚያ ግን አንድ ነገር ከነከናቸው። “አምፖሉ ስንት ጊዜ በርቶ ነበር?”

“አልበራም።”

“ቀልዱስ ምን ነበር?”

“ቀልድ አልነበረም።”

“ታዲያ ሕዝቡ በምንድን ነው የሳቀው?”

ጸሐፌ ጥርስ ብዕራቸውን አስቀመጡ። አቶ ገላዬ ማጉያ መነጽራቸውን ይዘው ሊቀ ፈገግታን አዩ፤ ሊቀ ፈገግታም በመነጽሩ ውስጥ ትልቅ ሆኖ የመጣውን የአቶ ገላዬን ዐይን አዩ። ከውጭ ያ ዝናብ የመሰለ ድምፅ መጣ። ዝም ሲሉ ባሰበት።

“ውድቅ!” ሲሉ ጮኹ ሊቀ ፈገግታ። “ይህ ሐሳብ ውድቅ ተደርጓል!”

ትርንጎ ከጥጉ ወጣች። ድምፅዋንም እንደ ልማዷ አደረቀችው።

“ጌታዬ፣ ሐሳቡን በድጋሚ አቀርባለሁ።”

“ውድቅ ነው!”

“እንግዲያው ለሦስተኛ ጊዜ አቀርባለሁ።”

“ውድ—”

“ቆይ!” አሉ አቶ ገላዬ፣ የሊቀ ፈገግታን እጅጌ ይዘው። “በደንቡ መሠረት ይህን ከጣሉት ትሰናበታለች። እመ ሳቋን አጣን ብለን ለንጉሡ ምን እንመልሳለን?”

“ካልጣልኩትስ?”

“ካልጣሉት ደግሞ ስርጭቱ ይቀጥላል።”

“ይቀጥላል ማለት... አሁንም እያዩን ነው?”

ሦስቱም ቀስ ብለው ወደ ካሜራው ዞሩ። የሕንጻው መስኮት በድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

“ድምፅ እንስጥበት” አሉ ጸሐፌ ጥርስ።

“በምኑ ላይ ነው ድምፅ የምንሰጠው?” አሉ አቶ ገላዬ። “እንጣለው በሚለው ነው ወይስ እያዩን ነው በሚለው?”

“መጀመሪያ የትኛው ይቅደም በሚለው ላይ ድምፅ እንስጥ።”

“ውድቅ! ውድቅ! መቶ ጊዜ ውድቅ!” ብለው ሊቀ ፈገግታ ጠረጴዛውን ደበደቡ። ጸሐፌ ጥርስም በደንቡ መሠረት መቶ ጊዜ መዘገቡት፤ ሲጨርሱ ዐሥር ሰዓት ሆኖ ስርጭቱ በራሱ ጊዜ አበቃ።

ትርንጎ የስንብት ወረቀቷን በዚያው ዕለት ተቀበለች። ኒሻኗን ለእትዬ ዝማም ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም አንገቱ ለወለቀ ጃንጥላ ማያያዣ አደረጉት። ሲሰነባበቱ እትዬ ዝማም አቅፈው ሳሟትና “ሂጂ ልጄ፣ ሳይሾሙሽ ሂጂ” አሏት። ሰኞ ማለዳ ጨው ሊጭን የሚሄድ መኪና ላይ ጋቢና ተቀምጣ ተነሣች።

በአራተኛው ቀን ጨው ሜዳ ደረሰች። ጓንጉል ከጎጆው ደጃፍ ቆሞ መኪናው ሲመጣ ያይ ነበር። ከስቷል፤ ፀሐይ አጥቁሮታል። ትርንጎ ከመኪናው ስትወርድ ሻንጣዋን ተቀበላት፤ ከዚያ ሻንጣውን መሬት አስቀምጦ እሷን ያዛት። ለረጅም ጊዜ አልለቀቃትም።

በኋላ ጎጆው ጥላ ሥር ተቀመጡ። “እንዴት ለቀቁሽ?” አላት። ትርንጎም ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው፤ ወረፋውን፣ ሹመት ያገኘውን ወንበር፣ ሃምሳ ደቂቃ የሚፈጀውን ማብራሪያ። ሸንጎው ላይ ስትደርስ ተነሥታ ሦስቱንም እየሆነች አሳየችው። ጓንጉል እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ሥራ ባልደረባ ሆኖ በጥሞና ሰማት።

ስትጨርስ ትንሽ አሰበ።

“ስለመጣሽ ደስ ብሎኛል” አለ። “ሐሳቡ ግን መጥፎ ነው። መነሻ የለው፣ መድረሻ የለው። እስቲ በዚህ ማን ይስቃል?”

ትርንጎ ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ከሜዳው ጫፍ ድምፅ ሰማች። ሁለቱም ተነሥተው ቆሙ። ከአድማስ ላይ አቧራ ተነሥቶ ነበር፤ በአቧራው ውስጥ የጭነት መኪናዎች አንዱ ከአንዱ ኋላ ተከታትለው ይመጣሉ። በላያቸው ሰው ተጭኗል፤ ሽማግሌ፣ ሴት፣ ጎረምሳ፣ ልብሳቸው ላይ የማዕረግ ምልክት ያለባቸው ሳቅ ቆጣሪዎች ሳይቀሩ። አንዱ መኪና ላይ የአንዱን ሹም አነጋገር የሚያስመስል ሰው ነበር፤ ሌላው ሦስት ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ ይመልስለታል፤ ተሳፋሪው ሁሉ በሳቅ ይንከተከታል።

የጨው ሜዳው ዘበኛ መዝገቡን እያውለበለበ ወደ ፊተኛው መኪና ሮጠ።

“ይህን ሁሉ ሰው የት ላድርገው? አገሩን በሙሉ ነው እንዴ ያመጣችሁት?”

ሾፌሩ ራሱን በመስኮት አወጣ። ዐይኑ ከሳቅ ብዛት ቀልቶ ነበር።

“የምን አገር?” አለው። “ይሄ እኮ ገና አንዱ ሰፈር ነው።”